ሦስተኛው ቅጂ

ጥር ፲፪

እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለእታለም፤

እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽስ? የጽሕፈት መኪናሽ «ለ» ፊደል አሁንም ወረቀት ይበሳል ወይስ አሠራሽው? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ናፍቆትሽን ግን ደኅና ነው ብዬ አልዋሽሽም።

ዛሬ የምጽፍልሽን ነገር ብዙ ቆይቼበታለሁ። በድሮው ከተማም በዚህኛውም፣ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ውስጥ አንሶላ ሳጣጥፍ ሰባት ዓመቴ ነው። በሰባት ዓመት አንድም ፈቃድ ለራሴ ወጥቼበት አላውቅም። አንዱን ታመምኩበት፣ አንዱን ቤት ቀየርኩበት፣ ሌላውን ደግሞ፣ ሌላውን ተይው። ባለፈው ሳምንት የክፍላችን ኃላፊ ጠርታኝ ዘጠኝ ቀን እንዳለኝ፣ ካልወሰድኩት እንደሚቃጠል ነገረችኝ። እና እታለም፣ ባህር ልሄድ ነው። ብቻዬን።

ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጃታለሁ። ምን እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ከማን ጋር ትዪኛለሽ። ከማንም ጋር አይደለም። ዘመድ ልጠይቅ አይደለም፣ ሥራ ፍለጋም አይደለም፣ ሐኪምም አላዘዘኝም። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቼ ወደፈለግሁበት መሄድ፣ የፈለግሁትን ያህል ቆሜ ማየት እችል እንደሆነ ልፈትን ብዬ ነው። እፈራለሁ። ሳልሄድ ብቀር ግን ከዚህ የባሰ እፈራለሁ።

መርቂኝ። ቁጣውንም ምርቃቱንም በአንድ ፖስታ ላኪው፤ ሁለቱንም ለምጄዋለሁ።

ታናሽሽ ሚጡ


ጥር ፳፱

ለሚጡዬ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስ፤ የእናታችን አምላክ ከፊትሽም ከኋላሽም ይሁን።

ደብዳቤሽ የመጣው የሰው ማመልከቻ ስጽፍ ነው። አንብቤ ወደ ሥራዬ ስመለስ «ከሳሽ» ማለት የነበረብኝን «ባህር» ብዬ ጽፌ አንድ ሙሉ ገጽ ከነካርቦኑ አበላሸሁ። መዝገብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቼ፣ ጡረታ ወጥቼ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ይህችን ባለ አንድ መስኮት ክፍል ከከፈትኩ ወዲህ እንዲህ ያለ ስህተት ሠርቼ አላውቅም። ባለጉዳይዋ «ባህር የለብኝም እኮ እመቤቴ፣ የአጥር ክርክር ነው» ብላ ሣቀችብኝ።

እኔ አልሣቅሁም። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በማታውቀው አገር መንገድ፣ ለምን? ግን ቁርጥ ሐሳብሽ መሆኑ ገብቶኛል። ልጅ ሆነሽም በሩን ሲዘጉብሽ በመስኮት ነበር የምትወጪው። ስለዚህ ስሚኝ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሺ። ምድር ቤት ክፍል አትያዢ፤ ከውስጥ የማይቀረቀር በር ያለውንም አትያዢ። ከእንጨት የተጠረበች ትንሽ ሽብልቅ ይዘሽ ሂጂና ከበሩ ሥር ሸጉጫት፤ ቁልፍ ሌላ ሰው ጋ ሊኖር ይችላል፣ ሽብልቅ ግን አንቺ ጋ ብቻ ናት። ቀለበት አድርጊ። የሚያስቸግርሽ ከመጣ «ባሌ ከኋላ እየመጣ ነው» በይ። ወንድ ከሴት ቃል ይልቅ የሌላ ወንድ ጥላ ይፈራል። ጓንት ያዢ፤ ያ የማጠቢያ ማሽን የበላው ጣትሽ ነፋስ አይወድም።

ባል ካነሣሁ አይቀር፣ ሰዓት ሠሪው (የቀድሞ ልበለው መሰለኝ) ከሥጋ ዘመድ ሁሉ በላይ በየሁለት ወሩ እጅ ነሥቶ ይጽፍልኛል። ከተማ ከለወጥሽ ወዲህ አድራሻሽን እንኳ እንደማያውቅ ጽፎ አንጀቴን በላው። በሠርጋችሁ ሰሞን የሰጠኝ የግድግዳ ሰዓት አንድ ደቂቃ ዝንፍ ብሎ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ለምን እንደተውሽው ነግረሽኝ አታውቂም። እኔም ጠይቄሽ አላውቅም። አሁንም አልጠየቅሁሽም።

እናታችን የሁላችንንም «ገባሁ» ሳትሰማ በሩን እንደማትቀረቅር ታስታውሺያለሽ። አንቺ ከትምህርት ቤት ስትመጪ ገና ከአጥሩ በር «ገባሁ!» ትዪ ነበር፤ እግርሽ ሳይገባ ድምፅሽ ይገባል። እኔ አሁን የእሷ ቦታ ላይ ነኝ። ስለዚህ የጉዞሽን ዕቅድ በቀን በቀን፣ በሰዓት በሰዓት ጽፈሽ ላኪልኝ። አለበለዚያ በቁሜ አልቃለሁ።

እታለም


የካቲት ፲፭

ለእታለም፤

ጤና ይስጥልኝ፤ ምክርሽ ሁሉ ደርሶኛል። ሽብልቋን የሆስፒታሉ አናጢ ጠርቦ ሰጠኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ሰው ሳይጠይቀኝ ሲቀር እንዴት ደስ እንደሚለኝ አታውቂም።

ዕቅዱን እነሆ። መጋቢት ፲፱ ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓቱ ባቡር፣ ሦስተኛው ሠረገላ፣ የመስኮት ወንበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እደርሳለሁ። ማረፊያውን ያገኘችልኝ አብራኝ የምትሠራው ልብስ ተኳሿ ናት፤ እሷም ከዚህ በፊት ብቻዋን አርፋበታለች። የማረፊያው ባለቤት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ክፍሌ ሁለተኛ ፎቅ ሰባት ቁጥር፣ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው። ጠዋት ጠዋት በባህሩ ዳር በእግሬ፣ ሰው በሚበዛበት በኩል። አንድ ቀን በጀልባ ወደ መብራት ማማው፤ ጀልባዋ ከአሥር ሰዓት በፊት ትመልሰናለች። መዋኘት ስለማልችል ውሃው ከጉልበቴ አያልፍም። የምበላበትን፣ የምመለስበትን ሰዓት ሁሉ ለብቻው ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ምናልባት አንድ ነገር ብሆን ብለሽ እንዳትጨነቂ የአሁኑን ቤቴን አድራሻም ከታች ጽፌልሻለሁ።

ስድስተኛው ቀን ባዶ ነው። ረስቼው አይደለም። አንድ ቀን ማንም፣ እኔም ራሴ፣ የት እንደምሆን የማላውቅበት ይኑር ብዬ ነው።

ስለ ሰዓቱ ያነሣሽው፣ በደንብ ከሠራ ጥሩ ነው።

አንድ አደራ አለኝ፤ ይህን ወረቀት ካንቺ ሌላ ማንም አይየው። ማንም ስልሽ ማንም ነው። ምክንያቱን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ሌላ ጊዜ እያልኩ ሁለት ዓመት ማለፉን አውቃለሁ።

ሚጡ


መጋቢት ፬

በማረፊያው በኩል፣ ሰባት ቁጥር ለምታርፈው ለሚጡ፤

እንኳን በሰላም ገባሽ! ቀድሜሽ ደርሼ ልቀበልሽ ብዬ ነው ወደዚህ የጻፍኩት። ሻንጣሽን አስቀምጪ፣ እግርሽን ታጠቢ፣ ከዚያ አንብቢ።

ዕቅድሽ ከጠበቅሁት በላይ ደስ አሰኘኝ። የእጅ ጽሑፍሽ ግን እንደ ድሮው ዶሮ የጫረው ነው፤ ስለዚህ በመኪና ገለበጥኩት። መቼም እጄን ታውቂዋለሽ፣ ወረቀት ያለ ካርቦን ማስገባት አይሆንለትም። በሦስት ቅጂ ወጣ። ከአናት እስከ ግርጌ ነጥብ አልጎደለም። ስድስተኛውን ቀን ባዶ ማየት ዓይኔን ስለወጋኝ በሰረዝ ሞላሁት፤ ሰነድ ላይ ባዶ ቦታ አይተውም፣ ሌላ ሰው የፈለገውን ይጽፍበታል።

አንዱን ቅጂ ከአልጋዬ አጠገብ ለጥፌ በየሰዓቱ የት እንዳለሽ አያለሁ። ሁለተኛውን ለጸሎት ማኅበራችን ሰብሳቢ ሰጠኋት፤ ቀን በቀን ይጸልዩልሻል። ማንም አይየው ማለትሽን አልዘነጋሁም፤ ጸሎት ግን ማንም አይባልም።

ሦስተኛው ደግሞ፣ አትቆጪኝ። ሌት ተቀን ሳስብ እዚያ አገር ለእኔ የሚደርስልኝ አንድ ሰው ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ሰዓት ሠሪው ካለሽበት የሦስት ሰዓት መንገድ ብቻ ነው ያለው። እየተጨነቀ «ደኅንነቷን ከሩቅም ቢሆን ባውቅ» ብሎ ሲለምነኝ ጨካኝ መሆን አቃተኝ። ሦስተኛውን ቅጂ ላክሁለት። ሱቁን የሚዘጋው እሑድ ስለሆነ እሑድ ረፋድ ላይ ብቅ እንዲል ጻፍኩለት፤ እስከዚያ ታርፊያለሽ። አንድ ሰላምታ ቢሰጥሽ አይጎዳሽም። ሸክላ ሲሰበር አይጠገንም ይላሉ፤ ሰው ግን ሸክላ አይደለም።

አሁን ተኝቼ አድራለሁ።

እታለም


መጋቢት ፳፬፣ ማክሰኞ

ለእታለም፤

በሕይወት አለሁ። መጀመሪያ ይህን ልበልሽ፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ነው።

ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው፤ አንቺ በሰረዝ የሞላሽው። የምጽፍልሽ ከሰባት ቁጥር አይደለም።

ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በዕቅዴ መሠረት ደረስኩ። የማረፊያው ባለቤት በሩ ላይ ተቀበለችኝ፤ ከፍትፍቱ ፊቱ የሚሏት ዓይነት ሴት ናት። «ደብዳቤ ቀድሞሽ ገብቷል» ብላ ሰጠችኝ። የአንቺን ጽሑፍ ሳይ ደስታዬን አልቻልኩትም። ሻንጣውን ከትከሻዬ ሳላወርድ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ሦስተኛው ቅጂ የሚለው ላይ ስደርስ ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። ክፍል ገብቼ ቀረቀርኩ፣ ሽብልቋን ሸጎጥኩ፣ አልበቃኝም፣ ወንበሩን አስደገፍኩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ በሩን ሳይ ቆየሁ። የሄድኩት ባህር ለማየት ነበር።

ስሚኝ እንግዲህ። ሌላ ጊዜ ያልኩሽ ጊዜ ይኸው መጣ።

ጣቴን ማሽን አልበላውም። ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ነበረው። ሰዓት ሠሪው ለዳቦ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር የሚሰጠኝ፤ ለገበያ አርባ፣ ለሥራ መሄጃ ሃያ አምስት፣ ከሥራ መመለሻ ሃያ አምስት። እጁ ላይ ባለችው ሰዓት ይለካኛል፤ ቀን መቁጠሪያው ላይ ይጽፋል። ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀብኝ። ዳቦው ትኩስ ስለነበር በአንድ እጄ አቅፌው በሌላው የበሩን ጠርዝ ይዤ ነበር። በሩን ጣቴ ላይ ዘጋው። ከዚያ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ፤ ለሐኪሙ ማሽን ነው ብሎ የነገረው እሱ ነው። እኔም ለአንቺ ያንኑ ገለበጥኩ።

ያን ጊዜ ለምን አልነገርሽኝም ትዪኛለሽ። አፍሬ ነው። ደግሞ ደብዳቤሽ ሁሉ ላይ ያ ሰዓት አለ፤ አንድ ደቂቃ ዝንፍ አይልም ትዪኛለሽ። ደስታሽን ላፈርሰው አልፈለግሁም። ጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው።

ለባለቤቷ ሁሉንም ነገርኳት። አንቺ ሳትሰሚው እሷ ሰማችው፤ ይቅር በዪኝ። በማታው ባቡር ልመለስ ስል ትከሻዬን ይዛ «ልጄ፣ ሽሽትም ዕቅድ ይፈልጋል። መጀመሪያ ብዪ» አለችኝ። በማግሥቱ ገና ሳይረፍድ ከመንገዱ ማዶ፣ ከፀጉር አስተካካዩ በላይ ወዳለው የእህቷ ቤት አዛወረችኝ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚለውን ተረት እጠላው ነበር፤ አንቺን የሚነካብኝ ይመስለኝ ነበርና።

እሑድ ብለሽው ቅዳሜ መጣ። እኔ አልገረመኝም።

በመስኮቱ መዝጊያ ስንጥቅ አየሁት። ሱፍ ለብሷል፣ አበባ ይዟል፣ በሌላው እጁ የአንቺን ወረቀት። በኋላ ባለቤቷ እንደነገረችኝ «ባሏ ነኝ» ነው ያላት። አንቺ በይ ያልሽኝ ባል፣ ከኋላ የሚመጣው፣ ያው መጣ። እሷም እንዲህ ያለች ሴት አላውቅም ብትለው ወረቀቱን አወጣና ሰባት ቁጥር የሚለውን በጣቱ አሳያት። «ወረቀትም ይሳሳታል ጌታዬ» አለችው። ከዚያ ከቤቷ ፊት ለፊት ያለው አግዳሚ ላይ፣ ከእኔ መስኮት ሥር ማለት ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ተቀመጠ። ሰዓቱን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል፣ መንገዱን ያያል። በዕቅዴ መሠረት የት መሆን እንዳለብኝ እያረጋገጠ ነበር። ስድስት ሰዓት ሙሉ ሳል እንዳይመጣብኝ ሻርፔን ነክሼ ቆምኩ። ሲነሣ አበባውን እዚያው ጣለው፤ ወረቀቱን ግን አጥፎ ኪሱ ከተተው።

የወረቀቱ ግርጌ ላይ የቤቴ አድራሻ አለ እታለም። ነጥብ አልጎደለም ብለሽኛል። ዘጠኙ ቀን ሲያልቅ የምመለስበት ቤት የለኝም። ለተኳሿ ጽፌላታለሁ፤ ለጊዜው እሷ ጋ አርፋለሁ።

ቢሆንም ሳይደግስ አይጣላም። ደብዳቤሽ ቀድሞኝ ባይደርስ ኖሮ በሩን የምከፍትለት እኔ ነበርኩ። ያበላሸሽውም ያዳንሽኝም አንቺ ነሽ፤ የትኛውን ይዤ እንደማለቅስ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ከባለቤቷና ከእህቷ ጋር ባህር ወረድኩ። እነሱ አሸዋው ላይ ተቀመጡ፤ እኔ ገባሁ። ጉልበቴ ላይ ልቆም ነበር፤ እስከ ወገቤ ሄድኩ። ይቀዘቅዛል። ጣቴን አመመኝ፤ ሣቅሁም። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ የሚያውቅ የለም።

ደብዳቤ ከጻፍሽልኝ በሆስፒታሉ በኩል ይሁን። ለእሱ ግን፣ እለምንሻለሁ፣ የሥራ ቦታዬን እንዳትነግሪው።

ሚጡ


ሚያዝያ ፲፰

ለእታለም፤

ደኅና ነሽ ወይ? ደብዳቤዬ ከደረሰሽ ዐሥር ቀን ሊሆነው ነው ብዬ አስላሁ። አንቺ በሦስተኛው ቀን ነበር የምትመልሺው።

አሁንም ተኳሿ ቤት ነኝ። የድሮ ቤቴ አከራይ አንድ ሱፍ የለበሰ ሰው ሁለት ጊዜ መጥቶ እንደጠየቀኝ ነግራኛለች። ወደ ሥራ የምሄደው በየቀኑ በሌላ መንገድ ነው። ተቆጣሽ? ታመምሽ? ወይስ እኔን አላመንሽኝም? አንዲት መስመር ጻፊልኝ፤ ቁጣም ቢሆን።

ሚጡ


ሚያዝያ ፳፮

ለእህቴ፤

አልተቆጣሁም። አልታመምኩም። ቃል አጥቼ ነው።

ደብዳቤሽ ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን ደረሰኝ። መኪናው ፊት በየቀኑ እቀመጣለሁ፤ ወረቀት አስገባለሁ፤ «ለሚጡዬ» ብዬ እቆማለሁ። ይህን በእጄ እየጻፍኩልሽ ያለሁት ለዚያ ነው። ካርቦን የለበትም። ሌላ ቅጂ የለውም።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። እኔ ሚጡ፣ «ባሌ በሩን ይቆልፍብኛል»፣ «መውጫ መግቢያዬን ይቆጥራል» እያልኩ ለስንቷ ሴት ማመልከቻ ጻፍኩ? ቁጥሩን አላውቀውም። ከፊቴ ቁጭ ብላ እጇን የምትደብቀውን ሴት ገና ሳትናገር ነው የማውቃት። አንቺ ማሽን ነው ስትዪኝ ግን አመንኩ፤ ሰዓቱ ቆንጆ ነበረና። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሏት ሴት እኔ ነኝ። ግማሹ ጥፋት የእኔ ነው አልሽ፤ አይደለም። መልሺልኝ፣ ሙሉው የእኔ ነው።

ያደረግሁትን ልንገርሽ። አንደኛውን ቅጂ ከግድግዳዬ ላይ ገንጥዬ አቃጠልኩ። ሁለተኛውን ከማኅበሩ ሰብሳቢ ልቀበል ብሄድ፣ ለካ ለስምንት ሴቶች ጮክ ብላ አንብባላቸው ኖሯል፤ አንዷማ የመብራት ማማው ከምን እንደተሠራ ጠየቀችኝ። እሱንም አቃጠልኩ። ሦስተኛውን ግን መመለስ አልቻልኩም። ሰዓቱን አወረድኩት። ግድግዳው ላይ ክብ ነጭ ቦታ ቀርቷል፤ ባለጉዳይ ስንት ሰዓት ነው ሲለኝ አላውቅም እላለሁ።

እሱም ጽፎልኛል። ስለ ትብብሬ ያመሰግነኛል፤ «አሁን የቀረኝ የሥራ ቦታዋንና የምትወጣበትን ሰዓት ማወቅ ብቻ ነው» ይላል። ድሮ ቢሆን ይኽም አሳቢነት ይመስለኝ ነበር። አልመለስኩለትም። ዋናውን ከነፖስታው በዚህ ውስጥ አኑሬልሻለሁ። ከእሱ ጋር የእኔ ቃል አለ፤ ምን እንደጠየቀኝ፣ ምን እንደሰጠሁት፣ ቀኑን፣ ሁሉንም ያመንኩበት ነው። እሱን ብቻ በመኪና ጻፍኩት፣ በሦስት ቅጂ፤ አንዱ ለአንቺ፣ አንዱ ለዳኛ፣ አንዱ ለሚከራከርልሽ። ያለሽበት አገር ዳኛም ዳኛ ነው፤ ወረቀት ያነባል። ተኳሿን ይዘሽ ሂጂ።

አሁን ለእኔ ሞት የሆነውን ልጻፍልሽ። ከእንግዲህ ወዴት እንደምትሄጂ አትንገሪኝ። ቀኑንም፣ ባቡሩንም፣ ክፍሉንም። ስጠይቅሽ እንኳ አትንገሪኝ፤ እንደምጠይቅ አውቃለሁ። መጨነቁን እዚህ እጨነቀዋለሁ፤ ጭንቀቴን አንቺ ላይ ጭኜ ነው እዚህ ያደረስኩሽ። ግን ሂጂ። በእኔ ምክንያት የቀረሽ እንደሆነ ከጸጸቱ አልድንም። ስትመለሺ ብቻ እንደ ልጅነትሽ ከአጥሩ በር አንዲት ቃል ጣል አድርጊልኝ።

እታለም


ነሐሴ ፲፬

ለእታለም፤

ዳኛዋ ደብዳቤውንም የአንቺንም ቃል አነበበች። ሰዓት ሠሪው እኔ ባለሁበት እንዳይደርስ ታዟል፤ ፈርሟልም። «ይህን የጻፈችው ባለሙያ ናት» ብላ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። አሳዳጊዬ ናት አልኳት። ሽብልቋን ግን አሁንም አልጣልኳትም።

ቀሪውን እንደ አንቺ ደንብ ባዶ ቦታ ሳልተው ሞልቼዋለሁ።

የሄድኩበት ቦታ፦ — — — — — — — —

የሄድኩበት ቀን፦ — — — — — — — —

ያረፍኩበት ክፍል፦ — — — — — — —

የቆየሁት ደቂቃ፦ — — — — — — — —

አብሮኝ የሄደ፦ ማንም የለም።

ገባሁ።